ዋልነቱን ማን ቆረጠው?

ዴይተን፣ ኦሃዮ
ማርች 2 ቀን 1954

ለተከበሩ አጎቴ ለኦርቢን፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ አክስት ዱልሲንም፣ በቅሎዋንም ሳይቀር በሙሉ ጤና ያግኝልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ አርባ አንድ ተማሪ ሰጥተውኛል። ሠላሳዎቹ ከኬንታኪ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ አነጋገራቸውን እስካቃና ድረስ ፀጉሬ መሸበቱ አይቀርም።

የጎረቤታችንን የጎብል ስቴሲን ነገር በአውራጃው ጋዜጣ ላይ አነበብኩት። ምንጩን አጥሮ፣ አልበቃ ብሎት ደግሞ ከሰሰዎት! ባልዲ ይዤ ስንት ጊዜ የተንሸራተትኩበትን ምንጭ! ደሜ ፈላ። ጋዜጣው እንደሚለው ጉዳዩ ያለው ድሮ በወሰኑ ላይ ቆሞ በነበረው ትልቅ የዋልነት ዛፍ ላይ ነው። ዛፉ ከምንጩ በታች ከነበረ ምንጩ የእኛ ነው፣ ከምንጩ በላይ ከነበረ የጎብል። ዛፉ ከተቆረጠ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ጉቶው እንኳ የለም። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ስለነበር ዛፉ ትዝ ይለኛል እንጂ ቦታውን ምዬ መናገር አልችልም። በሕይወት ካሉት ውስጥ ደህና አድርገው የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አጎቴ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎ። እርስዎ በእንግሊዝኛችን “አየሁ” ለማለት “ሲን” ይላሉ። ትክክለኛው “ሶው” ነው። “ሲን” ብቻውን አይቆምም፤ የሚደግፈው ረዳት ግስ ይፈልጋል። ጎብል ከሌክሲንግተን ጠበቃ አስመጥቷል ይባላል። እርስዎ ችሎት ፊት ቆመው “ዛፉን ሲን” ቢሉ ያ ሰው “እንዲህ የሚናገር ሽማግሌ ምን ያውቃል” ብሎ ያጣጥልዎታል፤ ምንጫችንም በአንዲት ቃል ጠንቅ ይሄዳል። እኔ ከአውራጃው ልጆች ሁሉ ተመርጬ በሽልማት አዳሪ ትምህርት ቤት የገባሁት ለዚህ ለዚህ ቀን እንድጠቅም ነውና እባክዎ ምክሬን ይስሙ። በየቀኑ ይለማመዱ።

አክስት ዱልሲ በክር ሰክታ ያደረቀችው ፎሶሊያ ተርፏት እንደሆነ ትንሽ ብትልክልኝ።

አክባሪዎ ቬርና


ሮኪ ብራንች፣ ኬንታኪ
ማርች 20 ቀን 1954

ለወንድሜ ለዴልመር ልጅ ለቬርና፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ዜናውን ይነግረኛል። በቅሎዋም ሰላምታሽን ስነግራት ጆሮዋን አንቅታ ሰምታለች። ካንቺ ይልቅ እሷ ትሰማኛለች።

“ሲን” ብቻውን አይቆምም አልሽኝ። እኔ ዘንድ ስልሳ ስምንት ዓመት ብቻውን ቆሟል፤ አንድ ቀን ወድቆ አላየሁትም። ግን የተማረ ሲናገር መስማት ነው ብዬ ልምምድ ጀመርኩ። መጀመሪያ በዶሮዎቹ ላይ። “ትናንት ጭልፊት ሶው” አልኳቸው፤ ለጭልፊቱ ደነገጡ፣ ለሰዋስው ግን ደንታ የላቸውም። ቀጥሎ በዱልሲ ላይ። ቁርስ ላይ “መነጽርሽን አልጋው ሥር ሶው” ብላት ማንኪያዋን አስቀመጠችና “ያገባሁትን ሰውዬ ምን አደረግከው?” አለችኝ።

ጉዱ ያለው እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመመስከር ተነሣሁና “ወንድሞች፣ ብርሃኑን ሶው” አልኩ። ሰባኪው መነጽሩን አወለቀ። እህት ኦማ ከኋላ ወንበር “ኧረ ኦርቢንን ያዙት፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል!” ብላ ጮኸች። አምስት ሰው አስተኝቶኝ ጸለየልኝ። ከሰዓት በኋላ ከሦስት ቤት ሾርባ መጣልን። ሾርባው ጥሩ ነበርና ደህና ነኝ ብዬ አልተከራከርኩም።

ለችሎቱ የሚሆን ባለ ኮሌታ ሸሚዝ ላኪልኝ። የአንገቴ ልክ አሥራ ስድስት ተኩል ኢንች ነው። ፎሶሊያውን ዱልሲ ልካለች፤ ከአጥንት ጋር ቀቅዪው፣ እንደ ከተማ ሰው በሁለት ደቂቃ እንዳታወጪው።

አጎትሽ ኦርቢን


ዴይተን
ማርች 29 ቀን 1954

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጸሎቱም ሾርባውም ስለ ረዳዎት ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ቀልድ ላይ አይደለንም። ሸሚዙን በፖስታ ልኬያለሁ። ችሎት ትምባሆ እንዳያኝኩ። ዳኛውን አብረው ዓሣ ያጠመዱ ቢሆኑም እንኳ በስማቸው እንዳይጠሩ፤ “ክቡር ዳኛ” ነው የሚባለው። “ሶው” ከማለትዎ በፊት ትንፋሽ ይውሰዱ። ያልተዘጋጁበት ሌላ ግስ ከመጣ ደግሞ አይደንግጡ፤ ጠበቃው ጥያቄውን እንዲደግም ያድርጉና ቃሉን ከራሱ አፍ ይውሰዱት።

ፎሶሊያው ደርሶኛል። ሦስት ሰዓት ቀቀልኩት። ለማልቀስ ትንሽ ሲቀረኝ ነው የበላሁት።

ቬርና


ሮኪ ብራንች
ሜይ 17 ቀን 1954

ለቬርና፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሸሚዝሽ እንደ ገመድ አንቆኝ ነበር፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቢ እሱንም ከግምት አስገቢ።

ኦርቢን “ሶው” ሊል ነው የሚል ወሬ ቀድሞ ስለ ደረሰ ሐሙስ ዕለት ፍርድ ቤቱ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። የቀብሬ ቀን ይህን ያህል ሰው አይመጣም። ቆምኩ፣ ማልኩ፣ ትንፋሽ ወሰድኩ። “ዋልነቱን ከምንጩ በታች ቆሞ ሶው” አልኩ። ከወዲያ ጥግ አንዱ “እሰይ!” አለ። አሥራ አንድ ጊዜ “ሶው” አልኩ፣ አንዱም አላመለጠኝም። ብታዪኝ ትኮሪብኝ ነበር።

የሌክሲንግተኑ ጠበቃ ደግሞ እንደ ፈራሽው አፉን አላጣመመብኝም። እንዲያውም ፈገግ አለልኝ። “አቶ ኦርቢን፣ ዛፉን ደህና አድርገው አይተውታል። ሲቆረጥስ አይተዋል?” አለኝ።

“ሶው” አልኩ።

“መልካም። ማን ቆረጠው?”

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ቀና ስል ጎብል ያፈጥጥብኛል፤ ዳኛው ያዩኛል፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሁሉ ያየኛል። “ክቡር ዳኛ፣ የ‘ቆረጠ’ን ኃላፊ ጊዜ ገና አልተማርኩም፤ የወንድሜ ልጅ እስካሁን የላከችልኝ የ‘አየ’ን ብቻ ነው” አልኩ።

ቬርና፣ ቤቱ ፈረሰ! ጸሐፊው ቀለሙን ደፋ። ከመስኮቱ አንድ ሰው ወደ ውጭ ወደቀ፤ ደግነቱ ዝቅ ያለ ነው። ዳኛው መዶሻቸውን ሲመቱ ሲመቱ እሳቸውም አልቻሉም፣ በመሐረብ አፋቸውን ሸፈኑ። ሲረጋጋ ግን እንዲህ አሉኝ፦ “ኦርቢን፣ ይህን ግስ ለመማር ስንት ጊዜ ይበቃሃል?” እስከ ሴፕቴምበሩ ችሎት አልኩ። “እንግዲያው በሴፕቴምበር ትመልሳለህ። ካልመለስክ የተናገርከውን ሁሉ እሰርዛለሁ፤ ምንጩም ለጎብል ይሆናል።” ይህን ሲሉ አልሳቁም።

ጎብል ሲወጣ በጆሮዬ “ውሸታም ስም አይጠራም” ብሎኝ ሄደ። እስከዚያው ውሃ የምንቀዳው ከወንዙ ነው። ዱልሲ ባልዲውን ስታስቀምጥ ጮክ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።

ኦርቢን


ዴይተን
ሜይ 22 ቀን 1954

አጎቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት። “ቆረጠ” “ከት” ነው፤ አይለወጥም! ዛሬም ከት፣ ትናንትም ከት፣ ሙሴ ባሕሩን ሲከፍልም ከት ነው። በእንግሊዝኛ ከእሱ የቀለለ ግስ የለም! ጠበቃው በጥያቄው ውስጥ አዘጋጅቶ አጉርሶዎታል፤ የሰውየውን ስም መጨመር ብቻ ነበር የቀረዎት።

አክስት ዱልሲ በዚያ ዕድሜዋ ከወንዝ ውሃ ትቅዳ? ዛፉን የቆረጠውን ሰው ካዩት ይናገሩ እንጂ! ማን ነው? ስለ ምን ዝም አሉ? በሚቀጥለው ፖስታ መልስ እጠብቃለሁ።

ቬርና


ዴይተን
ጁን 30 ቀን 1954

ለተከበሩ አጎቴ፣

አምስት ሳምንት ጠበቅሁ። ታመው ይሆን ብዬ ለፖስታ ቤቷ ሴትዮ ጽፌ ነበር፤ “ደህና ነው፣ በየቀኑ እየመጣ ቴምብር ይገዛና ደብዳቤውን ሳያስገባ ይመለሳል” አለችኝ።

አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ለምን እንደዚህ እንደምሆን ልንገርዎ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን በመምህራን የምሳ ስብሰባ ላይ ሳይታወቀኝ “ሲን” ብዬ ነበር። ማንም አላረመኝም። ሁሉም ብቻ ሳህናቸውን ማየት ጀመሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመናገሬ በፊት እያንዳንዷን ቃል እፈትሻለሁ፤ አባቴን ለመቅበር ስመጣም እንኳ እያለቀስኩ እፈትሽ ነበር። እርስዎ ላይ እንዲስቁ አልፈለግሁም፤ ያ ብቻ ነው።

የቴምብሩን ነገር ግን ይንገሩኝ። ምን አዩ?

ቬርና


ሮኪ ብራንች
ጁላይ 19 ቀን 1954

ለልጄ ለቬርና፣

ጤናሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ዘጠኝ ዓመት ስንጻጻፍ እንዴት ማለት እንዳለብኝ ነግረሽኛል፤ ምን አየህ ብለሽ የጠየቅሽኝ ግን ባለፈው ነው። ስለ ጠየቅሽ ልመልስልሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ ሆዴም አረጀ።

ዋልነቱን የቆረጠው አባትሽ ነው።

ብቻውን ግን አይደለም። ያ ዛፍ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ነበር፤ ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ነው የሚፈልገው። በወዲያኛው እጀታ ላይ የነበረው ሻድራክ ስቴሲ ነው፣ የጎብል አባት። እኔ በቅሎ ይዤ ግንዱን የምጎትተው ነበርኩ። የወሰን ዛፍ የሁለቱም ቤት ስለሆነ አንዱ ብቻውን አይነካውም፤ ሁለቱ ተስማምተው ነው የጣሉት። ጉቶውን ሳይቀር ነቅለን ለጠመንጃ ሰደፍ ሠሪዎች ሸጥነው። ጉቶው በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ በደንቡ መሠረት ሁለቱም ምልክታቸውን የቀረጹበት ድንጋይ ቀበሩ። ዛሬ ሄጄ እዚህ ጋ ቆፍሩ ብል ክሱ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ዱልሲ ይህን ስላወቀች ነው ባልዲው የሚጮኸው።

ለምን ቆረጡት ነው እንግዲህ የሚቀረው። ልጄ፣ አንቺ አልተሸለምሽም። ትምህርት ቤቱ ሽልማት የሚባል ነገር አልነበረውም። አባትሽ አንቺን የሚያስተምርበት አጥቶ ሲንገላታ ያየው ሻድራክ ነው መጀመሪያ ያነሣው፤ “ዛፉን እንጣለው፣ የኔን ግማሽም ጨምረህ ልጅቷን ላካት” አለ። ያን ጊዜ ወረቀት እያስፈረሙ መሬታችንን የሚወስዱ ሰዎች በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ከሸለቆው አንድም የሕግ ወረቀት አንብቦ የሚረዳ ሰው አልነበረም። ሻድራክ “አንድ ሰው ይማርና ተመልሶ ያንብብልን” አለ። ያ የሽልማት ወረቀት አባትሽ አስተማሪዋን ለምኖ ያጻፈው ነው። “ዕዳ አለብኝ ብላ አንገቷን ደፍታ እንዳትማር፣ በራሴ አገኘሁት ብላ ቀና ትበል” ብሎ ነው። ገንዘቡ አራት ዓመት አስተማረሽ፤ የቀረውን አንቺ ሳህን እያጠብሽ ጨረስሽው፤ ያ የራስሽ ነው።

ዴልመር ሲሞት እጄን ይዞ አስማለኝ፤ እንዳትሰሚ። ችሎት ብናገር ደግሞ ጋዜጣው ያወጣዋል፣ ጋዜጣው በየሳምንቱ ቤትሽ ይመጣል። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን መሐላዬን ላንቺ አፍርሻለሁ። ለሌላው ማፍረሴ ባንቺ ፈቃድ ነው። ዝም በል ካልሽኝ ምንጩ ይቅር፤ ወንዙ አለ። ተናገር ካልሽኝ ግን እንዳትመጪ። ከፊቴ ከተቀመጥሽ ምላሴ ይታሰራል።

አጎትሽ ኦርቢን


ዴይተን
ኦገስት 2 ቀን 1954

አጎቴ፣

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ያንን የሽልማት ወረቀት መስተዋት አስገብቼ የክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ልጆቹ ሲሰንፉ በአለንጋ ፈንታ እሱን ነው የማሳያቸው። አፈርኩ፣ አጎቴ። አባቴ ስለዋሸኝ አልከፋኝም፤ አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ ለማንም አንዲት ወረቀት ሳላነብ መቅረቴ ነው ያቃጠለኝ። ሻድራክ ስቴሲ ትዝ የሚለኝ በሩቅ ስሸሸው ነው፤ ሰዉ ሁሉ ቁማርተኛ ነው ይለው ነበር።

ይናገሩ። ሁሉንም ይናገሩ፣ ስሜንም ይጥሩት። እንደ ለመደብዎ አድርገው ይናገሩ፤ አንዷንም ግስ እንዳይነኩብኝ። ጋዜጣው ያውጣው። ሸሚዙንም ይተዉት።

ቬርና


ሮኪ ብራንች
ሴፕቴምበር 27 ቀን 1954

ለልጄ ለቬርና፣

ሰላምታችን ከምንጩ ውሃ ጋር ይድረስሽ። ውሃው ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ዱልሲም ባልዲውን ቀስ አድርጋ ማስቀመጥ ጀምራለች።

ሐሙስ ዕለት ያችኑ አሮጌ ሸሚዜን ለብሼ ቆምኩ። ጠበቃው “ግሱን ተማሩት?” አለኝ፤ ሰዉ ሊስቅ ተዘጋጀ። “ተማርኩት፣ አይለወጥም አሉኝ” አልኩና ያየሁትን ተናገርኩ። ስንት ጊዜ “ሲን” እንዳልኩ አላውቅም። ዴልመርን አልኩ፣ ሻድራክን አልኩ፣ አንቺን አልኩ፣ ድንጋዩን አልኩ። የሳቀ አልነበረም። እህት ኦማ እንኳ አፏን ይዛ ነው የሰማችኝ።

ጎብል ብድግ ብሎ “ውሸታም! አባቴ የሱን ግማሽ በካርታ ቁማር ነው የተበላው!” አለ። ዳኛው መዶሻቸውን አስቀመጡና ሸሪፉን አካፋ አምጣ አሉት። ፍርድ ቤቱ እንዳለ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ሸለቆው ሄደ፤ ያ ጠበቃም በሚያብረቀርቅ ጫማው ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ከምንጩ በታች የጎብል የአሳማ ጋጣ ያለበት ላይ ቆምኩ። አሳማዎቹን ማስወጣቱ ከክሱ የባሰ ነበር። ከዚያ ሸሪፉ ቆፈረ፣ ዳኛው ራሳቸው ተንበርክከው ጭቃውን ጠረጉ፤ ድንጋዩ ወጣ። ባንዱ ጎን የአባትሽ ስም መጀመሪያ ፊደል አለ። ሻድራክ መጻፍ አይችልም ነበር፤ በሌላው ጎን ያለው በመጥረቢያዎቹ እጀታ ላይ ሁሉ የሚቀርጻት የቁራ እግር ናት።

ጎብል ድንጋዩን እንዳየ ካፖርቱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለውና ጭቃው ላይ ተቀመጠ። “ገንዘቡን ተበላሁ ብሎ ስለ ዋሸን እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ በቆሎ ማከማቻ ውስጥ አስተኛችው” አለ። “ቁማርተኛ እያልን አሳደገን። ሲሞት እጁን ሲዘረጋልኝ አልያዝኩትም።” ሰዉ ሁሉ ዞር አለለት። ክሱን እዚያው አሳማዎቹ መካከል ተወው፤ ማግስቱን አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለ። ከምንጩ አንተም ቅዳ አልኩት።

ትናንት እሑድ መጣና በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ። ዱልሲ ኬክ ሰጠችው፣ በላ፤ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ በቅሎዋ አወራን። ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ባርኔጣውን እያዞረ “ያቺ የዴልመር ልጅ፣ እንደ ሬዲዮ ነው የምትናገረው ይላሉ” አለኝ። አዎ አልኩት። “ደብዳቤ አላት? እስቲ አንብብልኝ። አባቴ ምን እንደ ገዛ አንዴ ልስማው” አለ።

ገብቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። ቬርና፣ ያሉኝ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ቁጣ ናቸው፤ እንዲህ አትበል፣ እንዲያ አትበል። እነሱን ላነብለት አፈርኩና የለም፣ በሚመጣው እሑድ ይደርሳል ብዬ ሰደድኩት። እውነት መስሎት ሄደ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ቁጭ ብለሽ ጻፊ። ረዘም አድርጊው። ስለ አርባ አንዱ ልጆች ጻፊለት፣ ስለ ከተማው ጻፊለት፣ መቼ እንደምትመጪ ጻፊለት። ያን የምታውቂውን ትልልቁን ቃል ሁሉ አውጪው፣ አንድም ስሕተት እንዳይኖርበት ደጋግመሽ እዪው። ግማሹ የሱ ነው።

አጎትሽ ኦርቢን